በአቡጀዲ ላይ የታረሰ ማሳ

ደጀን ላይ ከደብረ ማርቆስ መንገድ ተገንጥሎ ወደ ሰሜን ያቀና ሰው መጀመሪያ ቢቸናን፣ ቀጥሎ ደብረ ወርቅን፣ ከዚያም ሞጣን ያገኛል። ከሞጣ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ ባሕር ዳር ይገባል። በግራው የጮቄ ተራራ አብሮት ይሄዳል፤ በቀኙ መሬቱ እያዘቀዘቀ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። መሃሉ መረሬ አፈር ነው፤ ክረምት ላይ የሚያጣብቅ፣ በጋ ላይ የሚሰነጠቅ፣ የጤፍ አገር።

ይህ አገር አዲስ አበባ ውስጥ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይታያል። በባህል ምግብ ቤቶች፣ በሆቴል መግቢያዎች፣ በስጦታ ዕቃ መደብሮች፣ ውጭ አገር በሚኖሩ ሰዎች ሳሎን ውስጥ። ጥማድ በሬ አለ፤ ሞፈርና ቀንበር አለ፤ በአንድ እጁ እርፍ፣ በሌላው ጅራፍ የያዘ ሰው አለ። ከኋላው የሣር ክዳን ጎጆ፣ ከጎጆው ደጅ እንዝርት የምታሾር ሴት፣ ራቅ ብሎ ዙሪያው በዛፍ የተከበበ ቤተ ክርስቲያን። ሥዕሉን የገዛው ሰው ብዙ ጊዜ የየት አገር እንደሆነ አይጠይቅም፤ ገጠር ነው፤ ይበቃዋል። እኔ ግን ይህን ሥዕል ባየሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ አይለቀኝም። ቢቸናና ሞጣ ለዘመናት የሠዓሊ አገር ሆነው ሳሉ፣ በደጃቸው የሚያርሰውን ሰው ለመሣል ለምን ያን ያህል ጊዜ ቆዩ?

ነገሩ የሚጀምረው ከቤተ ክርስቲያን ነው። ደብረ ወርቅ ማርያም ወንጌላዊው ሉቃስ እንደሣላት የሚነገርላት ሥዕለ ማርያም ያለችበት ደብር ናት። ትውፊቱን የሚያምን ይመን፤ ለእኔ ትርጉም ያለው ሌላ ነገር ነው። አንድ አገር የክብሩን ምንጭ በአንዲት ሥዕል ላይ ሲያኖር ሥዕል በዚያ አገር ተራ ነገር አይደለም። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ኒኮሎ ብራንካሊዮን የሚባል የቬኒስ ሰው ኢትዮጵያ ገብቶ፣ መርቆሬዎስ ተብሎ፣ ዕድሜውን እዚሁ ሲሥል ኖረ። ሥራው እስከ ምሥራቅ ጎጃም ደርሷል፤ የዋፋ ኢየሱስ የግድግዳ ሥዕሎች የእጁ ነበሩ። በቀጣዩ ክፍለ ዘመን መባቻ እቴጌ እሌኒ መርጡለ ማርያምን አሠሩ። ዲማ ጊዮርጊስ ደግሞ ከቢቸና ብዙ ሳይርቅ የመጽሐፍና የቅኔ ጉባኤ ዘርግቶ ከየአገሩ ተማሪ ይሰበስብ ነበር። ተማሪ ባለበት ብራና አለ፤ ብራና ባለበት ቀለምና ብርዕ አለ፤ ከጸሐፊው ጎን ደግሞ ሐረግ የሚጥል፣ መልክ የሚሥል ሰው አይጠፋም።

ጎንደር ዋና ከተማ ስትሆን ለሞጣ መንገድ ተከፈተ። ሰባራ ድልድይ ዛሬ ሰባራ ይባል እንጂ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከተሠራ በኋላ ለረጅም ዘመን ጎጃምንና በጌምድርን በዓባይ ላይ ሲያገናኝ የኖረ ነው። በእሱ ላይ ነጋዴ አለፈ፣ ሠራዊት አለፈ፣ የጎንደር ጥበብም አለፈ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወይዘሮ ወለተ እስራኤል ወደ ጎጃም ተድራ መጣች፤ የሞጣ ታሪክም ከእሷ ስም ጋር ተሳስሮ ቀረ። እናትየዋ በጣና ላይ ባሳነጿት ናርጋ ሥላሴ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። ይህን ልብ ልንለው ይገባል። በቅዱሳን መካከል አንዲት በሕይወት ያለች ሴት፣ ልብሷና ጌጧ ሳይቀር፣ ግድግዳ ላይ ወጣች። በሩ ተከፈተ፤ የገባችው ግን እቴጌ ናት። ገበሬው ገና ውጭ ነው።

ፈጽሞ አልተሣለም ማለቴ አይደለም። ዓይኑን ከዋናው ምስል ነቅሎ ጥግ ጥጉን የሚያይ ሰው ያገኘዋል። በልደት ሥዕል ላይ እረኞቹ የጎጃም እረኞች ናቸው። ወደ ግብፅ ስደት ላይ ዮሴፍ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ ስንቁን በዱላው ጫፍ አንጠልጥሎ ሲሄድ ከቢቸና ገበያ የሚመለስ ሰው ይመስላል፤ ከኋላው የምትከተለው ሰሎሜም እንደዚያው። በላኤ ሰብእ ለተጠማው ሰው ውኃ የሚያጠጣበት ቅል ከየትኛውም ቤት ጓዳ የሚገኝ ቅል ነው። ሠዓሊው ኢየሩሳሌምን አላየም፤ ያየው ሰፈሩን ነው። ስለዚህ ቅዱስ ታሪክን በሰፈሩ ሰው አለበሰው። ይሁን እንጂ ገበሬው በዚያ ግድግዳ ላይ የሚቆመው የሌላ ሰው ታሪክ ስላለ ነው። ማረሱ ብቻውን ለሥዕል አያበቃውም ነበር።

የሥዕሉን ሕግም እዚህ ላይ ማንሳት አለብኝ፤ በኋላ ይመጣልና። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ሰው ሁለት ዓይኑ ይታያል፤ ፊቱ ወደ ተመልካቹ ይዞራል። ሰይጣን፣ አይሁድ ሰቃይ፣ አረመኔ ንጉሥ በጎን ተሥሎ በአንድ ዓይን ይቀራል። ሕፃን ሳይቀር ይህን ያውቃል፤ ቅዳሴ ቆሞ ሲሰለቸው ግድግዳው ላይ አንድ ዓይና የሚፈልግ ልጅ ሕጉን ማንም ሳያስተምረው ይማረዋል።

በ1873 ዓ.ም. ራስ አዳል ተሰማ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው የጎጃምን ዘውድ ጫኑ። በዚህ ዘመን ከዓባይ ማዶ የመጣ፣ በትውልዱ ኦሮሞ የሆነ አንድ ሰው በጎጃም ሊቃውንት መካከል ስሙ ተነሳ። አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ ይባላሉ። የጎጃምን ታሪክ የጻፉ እሳቸው ናቸው፤ ሥራቸው በአማርኛም ታትሟል፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ በእንግሊዝኛ ትርጉም ወጥቷል። ያው ሰው ሠዓሊም ነበሩ። የአገሩን የትውልድ ሐረግ፣ ማን ማንን እንደወለደ፣ የትኛው መንደር የማን ርስት እንደሆነ አንድ በአንድ ሲለቅሙ የኖሩ ሰው ብሩሽም ይይዙ እንደነበር ሳስብ ደስ ይለኛል። አገሩን በቃል የመዘገበው እጅና ቅዱሳኑን በቀለም የሣለው እጅ አንድ እጅ ነው። አንድ እርምጃ ብቻ ነበር የቀረው።

እርምጃው ግን የተወሰደው ጎጃም ውስጥ አይደለም፤ አዲስ አበባ ነው። ምክንያቱም ቀላል ነው፤ ሥዕል ገዥ መጣ። በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ጣሊያን ድል ከሆነ በኋላ ኤምባሲዎች ተከፈቱ፤ ዲፕሎማት፣ ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ ነጋዴ ገባ። እነዚህ ሰዎች ወደ አገራቸው ሲመለሱ የሚይዙት ነገር ፈለጉ። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ዓድዋን ሣሉላቸው፤ በአንድ ወገን ሁለት ዓይን ያላቸው አርበኞች፣ በሌላው ወገን በጎን የተሣሉ ጣሊያኖች፣ ከላይ በነጭ ፈረስ ቅዱስ ጊዮርጊስ። ሕጉ አልተለወጠም፤ ጻድቁና ኃጥኡ ብቻ አዲስ ሰው ሆኑ። ቀጥሎ የንግሥት ሳባ ታሪክ በ44 ክፍል ተከፋፍሎ መጣ፤ በላቸው ይመርና ከእሱ በኋላ የተነሱ ሠዓሊዎች ደጋግመው ሣሉት። አደን መጣ፣ የግብር ድግስ መጣ፣ ጉግስ መጣ። ሥዕሉ ከግድግዳ ወርዶ በአቡጀዲ ላይ ሆነ፤ ተጠቅልሎ በሻንጣ የሚገባ ሆነ። በዚህ መሃል ነው፣ ቀኑን ለይቶ መጥራት በማይቻል ሁኔታ፣ ከንጉሥና ከጦርነት ጎን ጥማድ በሬ ብቅ ያለው። ፈረንጁ «ሰዉ እንዴት ነው የሚኖረው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሠዓሊው ከየት እንደመጣ ያውቃል፤ ልጅነቱን ይሥልለታል።

ገጠሩ ራሱም የውጭ ዓይን አርፎበት ነበር። ማርሴል ግሪዮል የተባለው ፈረንሳዊ የሰው ልጅ ባህል አጥኚ እ.ኤ.አ. በ1928 እና 1929 ጎጃም ውስጥ ተቀምጦ ያየውን በመጽሐፍ ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1932 እንደገና መጥቶ ጎንደር ላይ የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳ አስነቅሎ ፓሪስ ወሰደ፤ በምትካቸው አዲስ አሣለ። ይህን ሳነብ ልቤ ያዝናል። ምእመናኑ የለመዱት ቅዱስ ማታ ወርዶ ጠዋት በሌላ ተተካ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ የኢትዮጵያ ሥዕል ሁለት ቤት ነበረው። አንደኛው የሚሳለምበት፣ ሁለተኛው የሚታይበት።

የጣሊያን ወረራ መጣ። በቢቸና በላይ ዘለቀ ተነስቶ ዓባይን ተገን አድርጎ አምስት ዓመት ተዋጋ፤ ሰባራ ድልድይም በዚያው ጊዜ መካከሉ ፈረሰ። ነፃነት ከተመለሰ በኋላ፣ በጥር 1937 ዓ.ም.፣ በላይ አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። የጎጃም ሰው ይህን አልረሳም። በላይ በዘፈን ኖረ፣ በፉከራ ኖረ፣ በሥዕልም ኖረ። ጎፈሬው፣ ዝናሩ፣ ጠመንጃው። የአንድ ተራ የገጠር ሰው ልጅ፣ ንጉሥም ጻድቅም ሳይሆን፣ ሁለት ዓይን ተሰጥቶት ብቻውን በአንድ ሥዕል መሃል ሊቆም ቻለ። የገበሬው ሥዕል መንገድ የጠረገለት በላይ ይመስለኛል፤ ማስረጃ አቅርብ ብባል ግን ከዓይኔ በቀር የማቀርበው የለኝም።

በ1950 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተቋቋመ። መሥራቹ አለ ፈለገ ሰላም የሰላሌ ፍቼ ሰው ናቸው፤ የተማሩትም እ.ኤ.አ. እስከ 1954 በቺካጎ የሥነ ጥበብ ተቋም ነበር። ይህ አጋጣሚ ሁልጊዜ ይደንቀኛል። ተቋሙ ሙዚየምም ነው፤ በዚያ ሙዚየም ውስጥ ግራንት ዉድ እ.ኤ.አ. በ1930 የሣለው «አሜሪካን ጎቲክ» ተሰቅሏል። መንሽ የያዘ ጠና ያለ ገበሬ፣ ከጎኑ አንዲት ሴት፣ ከኋላቸው የእንጨት ቤት። ዉድ የአዮዋ ሰው ነው፤ አውሮፓ ሄዶ ሲሠራና ሲማር ቆይቶ ሲመለስ ነው የአገሩ ገበሬ ለሥዕል እንደሚበቃ የታየው። የሚዙሪው ቶማስ ሃርት ቤንተንም ፓሪስንና ኒውዮርክን ዞሮ ነው ወደ ስንዴ አጫጁ የተመለሰው። አሜሪካ በኢኮኖሚ ቀውስ ስትናወጥ፣ ገበሬዋ በድርቅና በዕዳ መሬቱን ጥሎ ሲሰደድ፣ እነዚህ ሠዓሊዎች የገጠሩን ሕይወት ጸጥ ያለና ሙሉ አድርገው ሣሉት። ሥዕሉ የተወደደው ገጠሩ ሊጠፋ በተቃረበበት ሰዓት ነው።

እኛም ዘንድ እንደዚያው ሆነ። የትምህርት ቤቱ ልጆች ዘመናዊውን መንገድ ሲይዙ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሠዓሊዎች ደግሞ ከፒያሳ ሱቆች ጋር ውል ገቡ። አውሮፕላን ቱሪስት ያመጣል፤ ባለሱቁ የሚሸጠውን ያውቃልና ያዛል፤ ሠዓሊው ሥሎ፣ ጠቅልሎ፣ በብብቱ ይዞ ይመጣል። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በዩኒቨርሲቲው ሲመሠረት ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ የተባሉት ፖላንዳዊ ለሙዚየሙ ሥዕል መሰብሰብ ያዙ። ሱቅ የወረደው ሥዕል ዳኛ አገኘ።

ቄስ አዳሙ ተስፋው የመጡት ከዚህ መሃል ነው። የቢቸና አገር ሰው ናቸው። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት አደጉ፤ ሥዕልም የተማሩት በዚያው ነው፤ ቅስና ተቀበሉ። ከዚያ አዲስ አበባ ገቡና በብሩሻቸው ኖሩ፤ ለአብያተ ክርስቲያናትም ሣሉ፣ ለሱቅም ሣሉ። የእመቤታችንን ሥዕል የሚሥለው እጅ በማግስቱ ዓድዋን፣ በሦስተኛው ቀን የገጠር ሰርግ ይሥላል። በእሳቸው ዘንድ እነዚህ ሦስቱ የተለያዩ ሙያዎች አልነበሩም። አንድ መስመር፣ አንድ ጥጥ ጨርቅ፣ አንድ ዓይን ነው።

መስመራቸውን ማየት ያስፈልጋል። ብዙው የሱቅ ሥዕል ቆሞ የቀረ ነው፤ ሰዎቹ እንደ ማህተም ይደጋገማሉ። የቄስ አዳሙ ሰው ግን ይንቀሳቀሳል። አካሉ ይረዝማል፣ አንገቱ ያዘነብላል፣ ጣቱ ከሚገባው በላይ ይሄዳል። ፈረስ ከሆነ መላ አካሉ አንድ ቅስት ሆኖ ይታጠፋል። ይህ ከየት እንደመጣ ለሚጠይቅ ሰው የምሰጠው መልስ ከመጻሕፍት ገጽ የሚል ነው። በብራና ላይ ሐረግ የጣለ እጅ መስመርን እንደ ቋንቋ ያውቀዋል፤ ቀለም ቢጎድለው እንኳ መስመሩ ይናገርለታል።

እነዚህ ሠዓሊዎች ገጠርን ሲሥሉ ምን ምን እንደሚያነሱ ልብ እንበል። እርሻ፣ ዘር፣ አጨዳ። አውድማ ላይ በሬዎች ሲያበራዩ፣ አንዱ በመንሽ ሲያገላብጥ፣ ሌላው በላይዳ ሲያነሳው እብቁ በነፋስ ሲሄድ። ሴት ወፍጮ ላይ ተንበርክካ፣ ሌላዋ ጥጥ በደጋን ስትነድፍ። ጠላ በእንስራ። ለምድ የለበሰ የቆሎ ተማሪ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ደጅ ሲቆም፣ ውሻ ሲዘልበት። ሙሽራ በበቅሎ። ሽማግሌዎች ከዛፍ ሥር። ይህ ዝርዝር የሕፃን ልጅ ዓይን የሰበሰበው ነው፤ አገሩን በ15 ወይም በ20 ዓመቱ ትቶ የወጣ ሰው ይዞት የሚወጣው ይኸው ነው። የቄስ ልጅም የገበሬ ልጅም ሆኖ የቆሎ ተማሪነትን የቀመሰ ሰው ያንን ውሻ በሕይወቱ አይረሳውም።

የሌለውም ይታይ። በሥዕሉ ውስጥ ግብር ሰብሳቢ የለም። ጭቃ ሹም እህል ሲሰፍር የለም። ዳኛ ፊት የርስት ክርክር የለም፤ የጎጃም ሰው ግን ከማረስ ቀጥሎ የሚያውቀው ሥራ ርስት መከራከር ነበር። ረሃብ የለም። ልብሱ እንኳ ተለውጧል። የጎጃም ገበሬ ለሥራ የሚለብሰው ቁምጣ ነው፤ ብርድ ሲሆን በርኖስ ይደርባል። በሥዕሉ ላይ ብዙ ጊዜ ነጭ በነጭ ለብሶ፣ ዓውደ ዓመት የዋለ መስሎ ያርሳል።

ይህን የምለው ሠዓሊዎቹን ለመውቀስ አይደለም። ነገር ግን በ1960 ዓ.ም. የሆነውን ማስታወስ ግድ ነው። መንግሥት አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር አወጀ። የጎጃም ገበሬ አዋጁን የተረዳው መሬቱ ተለክቶ ርስቱ ሊወሰድ ነው ብሎ ነው። ዳሞት ተነሳ፤ ሞጣ ተነሳ፤ ቢቸና ተነሳ። ሰው መሣሪያውን ይዞ ገማች ኮሚቴ አላስገባም አለ። ወታደር ተላከበት፤ የጦር አውሮፕላን ሳይቀር መጣበት። በመጨረሻ መንግሥት አፈገፈገ፤ የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ተነሱ፤ ውዝፍ ግብርም ተማረ። እንግዲህ በዚያው ዓመት አንድ ቱሪስት ፒያሳ ላይ ቆሞ የጥማድ በሬ ሥዕል ገዝቶ ይሆናል። በሥዕሉ ላይ ያለው ሰው በሰላም ያርሳል። በቢቸና ያለው ሰው በሬውን ፈትቶ ጠመንጃውን አንግቷል።

ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ይህን ለመቀበል ጊዜ ፈጅቶብኛል። ያ ገበሬ የተዋጋው በሥዕሉ ላይ ላለው ሕይወት ነው። ጎጆው፣ ጥማዱ፣ አውድማው፣ አጥቢያው፤ እነዚህን እንዳይነኩበት ነው የተነሳው። ሠዓሊው ጦርነቱን አልሣለም፤ ጦርነቱ የተካሄደለትን ነገር ሣለ።

ከዓመፁ ሁለት ዓመት በፊት፣ በ1958 ዓ.ም.፣ ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አሳትመው ነበር። የእንዶዳም ተወላጅ፣ የጎጃም አብነት ተማሪ የነበሩት ደራሲ በለንደን አምባሳደርነት አገልግለው ተመልሰው ነው መጽሐፉን ያወጡት። ዲማ ጊዮርጊስ በአማርኛ ልብ ወለድ ውስጥ ለዘላለም የገባችው በዚህ መጽሐፍ ነው። ሐዲስ ግን ሠዓሊዎቹ የተዉትን ሁሉ ጻፉ፤ ባላባቱን፣ ጭሰኛውን፣ ግፉን። ያም ሆኖ ስለ አዝመራው፣ ስለ ሰርጉ፣ ስለ ተማሪው ሲጽፉ ናፍቆታቸውን መደበቅ አልቻሉም። ርቀት በብዕርም በብሩሽም አንድ ዓይነት ሥራ ሠርቷል።

አብዮቱ ሲመጣ የገበሬው ሥዕል ሁለት አቅጣጫ ያዘ። እሸቱ ጥሩነህ እ.ኤ.አ. በ1974 የረሃብ ተጎጂዎችን በትልቅ ሸራ ሣለ፤ ከአገር የተፈናቀለ፣ አጥንቱ የቀረ ገጠር። በሌላ በኩል፣ በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ከወጣ በኋላ፣ ገበሬው በፖስተር ላይ ክንዱን አንስቶ ወጣ፤ ጡንቻው የፈረጠመ፣ ዓይኑ ወደ ፊት የተተከለ። በእነዚህ በሁለቱ መካከል የአቡጀዲው ጥማድ በሬ ዝም ብሎ ማረሱን ቀጠለ። ቱሪስት ቀነሰ፤ ሠዓሊዎቹ ተቸገሩ፤ ሥዕሉ ግን አልቆመም። ጥናቱም በዚሁ ጊዜ በረታ፤ ሙኒክ የነበሩት ግርማ ፍሥሐ ከዋልተር ራውኒግ ጋር ስለ ኢትዮጵያ የሕዝብ ሥዕል መጽሐፍ አሳተሙ፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ደግሞ ኤልሳቤጥ ቢያዚዮ ዙሪክ ላይ ስለ ኢትዮጵያ ዘመናዊ ሠዓሊዎች ሌላ አወጣች።

አሜሪካዊው የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁር ሬይመንድ ሲልቨርማን ቄስ አዳሙን አግኝቶ ሥራቸውን መከታተል ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1999 ባዘጋጀው ስለ ኢትዮጵያ የእጅ ጥበበኞች በሚናገር መጽሐፍ ውስጥ የእሳቸው ታሪክ ገባ። እ.ኤ.አ. በ2005 ሎስ አንጀለስ ላይ በፋውለር ሙዚየም በስማቸው ኤግዚቢሽን ተከፈተ፤ ሕይወታቸውንና ሥራቸውን የሚተርክ መጽሐፍም አብሮ ወጣ። የስማቸውን ቦታ እንመልከት። ለዘመናት የኢትዮጵያ ሥዕል በሙዚየም መለያ ላይ «ሠዓሊው ያልታወቀ» ተብሎ ይጻፍ ነበር። አሁን የቢቸናው ቄስ ስም በበሩ ላይ በትልቁ ተጻፈ።

እዚያው አሜሪካ፣ በደቡቡ፣ በሉዊዚያና፣ ክሌመንቲን ሃንተር የምትባል ጥቁር ሴት ነበረች። በአንድ የጥጥ እርሻ ስትሠራ ኖራ፣ ዕድሜዋ ከገፋ በኋላ ሰው የጣለውን ቀለም አንስታ መሣል ጀመረች። ጥጥ ለቀማ፣ የልብስ አጠባ ቀን፣ ጥምቀት፣ ቀብር። መጀመሪያ ላይ ሥዕሏ በሳንቲም ይሸጥ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1988 ከ100 ዓመት በላይ ኖራ ስታርፍ በሙዚየሞች የታወቀች ነበረች። እሷ ግን ከእርሻዋ አልራቀችም፤ እዚያው ሆና ሣለች። የእኛዎቹ ርቀው ሣሉ። ልዩነቱ በሥዕሉ ውስጥ ይታያል። የእሷ ሰው ሥራ ላይ ነው፤ ወገቡ የጎበጠ ነው፤ የእኛ ሰው ወደ እኛ ዞሮ ይታያል።

ቢቸናና ሞጣ ተለውጠዋል። የሣር ክዳን በቆርቆሮ ተተካ፤ ባሕር ዛፍ ከየጎጆው ጓሮ ተነስቶ ኮረብታውን ያዘ፤ መንገዱ አስፋልት ሆነ፤ የገበሬው ልጅ ስልክ ይዟል። የአውድማው በሬ ግን አልጠፋም፤ ጤፉም እንዳለ ነው፤ ሞፈሩ፣ ድግሩ፣ ወገሉ ያው ናቸው። በአዲስ አበባ ገበያ የሚሸጠው ሥዕል ግን ቆርቆሮውን አልተቀበለም፤ ባሕር ዛፉንም። አዳዲስ ወጣት ሠዓሊዎች የአባቶቻቸውን ጎጆ ያልኖሩበት ቢሆንም ይሥሉታል፤ ከሥዕል ተምረው ሥዕል ይሥላሉ። ከቢቸና የወጣ ትውልድ በልቡ የያዘውን አገር፣ ያንን አገር ያላየ ትውልድ በእጁ ይዞታል።

ባለፈው ከእነዚህ ሥዕሎች በአንዱ ፊት ለረጅም ጊዜ ቆሜ ነበር። በሬዎቹ በጎን ተሥለዋል፤ ሞፈሩ በጎን ነው፤ የሰውየው አካልም፣ እግሩም፣ ጅራፍ የያዘው እጁም በጎን ነው። ፊቱ ግን ዞሯል። የሚያርስ ሰው ዓይኑ ከትልሙ አይነሳም፤ ካነሳ ማረሻው ይስታል፣ በሬው ይወጣል። ይህ ሰው ግን እርፉን እንደጨበጠ፣ ማረሻው አፈሩ ውስጥ እንዳለ፣ ፊቱን መልሶ ሁለት ትልልቅ ዓይኖቹን በእኔ ላይ አድርጎ ያያል።